ስልኬ 200 ሜትር ያሳሳተኝ ቀን

ላስ ቬጋስ ስንት ዓመት ስኖር በረሃውን የማውቀው ከታክሲ መስኮት ነበር። ባለፈው መጋቢት ግን ቶፖቪው ከሚባለው የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ድረ ገጽ ላይ በ1950ዎቹ የተሠራ የኔቫዳ ግጦሽ መሬት ካርታ በነፃ አወረድኩ። ስኬሉ 1፡62,500 ነው፤ አንድ ኢንች ወደ አንድ ማይል ገደማ። ቡናማው መስመር ከፍታ፣ ጥቁሩ ሰው የሠራው፣ ሰማያዊው ውሃ። አንድ ሸለቆ አፍ ላይ ምንጭ ተመልክቷል። በቃ፣ እሱን ካላየሁ አልኩ።

ካርታው ጠርዝ ላይ ቦታ ለመለካት ከተደረጉት ሰማያዊ ጭረቶች ተነስቼ የምንጩን ቦታ በማስመሪያ ለካሁና ቁጥሩን ስልኬ ላይ አስገባሁ። መተሐራ አካባቢ ከብት ሲጠብቁ ያደጉ አንድ ጋሼ አሉ፣ እሳቸውን ይዤ ወጣሁ። አብዛኛው የኔቫዳ መሬት የፌዴራል መንግሥት ስለሆነ ማንም አልከለከለንም።

ስልኩ «ደርሰሃል» ያለን ቦታ ጠጠርና ቁጥቋጦ ብቻ ነው። በሰረዝና በነጥብ የተሳለውን ሰማያዊ መስመርም ወንዝ ብዬው ነበር፤ ለካ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚፈስ ነው፣ የቆምነው እሱ አሸዋ ላይ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ዞርን።

ጥፋቱ የኔው ነው። ካርታው የተሠራው በ1927ቱ የሰሜን አሜሪካ ዳተም፣ ማለትም ቦታ በሚለካበት የድሮ መነሻ ነው፤ ስልኬ የሚሠራው ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው አዲሱ መነሻ። ኔቫዳ ላይ የሁለቱ ልዩነት 200 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ወደ ደቡብ ስተን ነበር። ይሄ እኮ ካርታው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል! ማን ያነባል። አሁን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ ከመውጣቴ በፊትም ካርታውን ከሳተላይት ፎቶ ጋር አስተያያለሁ።

ጋሼ ግን ዳተም አላስፈለጋቸውም። «ልጄ፣ ስልኩን ተወውና መንገዱን እየው» አሉኝ። የከብት ዱካ ከየአቅጣጫው እየመጣ ወደ ሰሜን ይገጥማል። ተከተልነው። ምንጩ ዛሬ በቧንቧ ተስቦ የዛገ የብረት ገንዳ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል፣ ጠርዙን ንብ ወሮታል። ጋሼ እጃቸውን ነክረው አሸተቱና «ይሄስ የከብት ነው» ብለው ሳቁ። እኛ ከመኪና ያመጣነውን የሞቀ የፕላስቲክ ውሃ ጠጣን።