ኮርኒሳችን ላይ የወለደችው ራኩን

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ኮርኒስ ላይ ኮሽ ማለት ብርቅ አይደለም። አይጥ ነው ብሎ ተገላብጦ ይተኛል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን እኔም ሁለት ሌሊት ያደረግኩት ይህንኑ ነው። በሦስተኛው ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አይጥ ሽር ይላል እንጂ አይራመድም። ይሄኛው እየረገጠ ነው የሚሄደው።

እማዬ ያን ሰሞን ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ጠዋት ቡና እያፈላች፣ "ሽለምጥማጥ ነው" አለች፣ ቁርጥ አድርጋ።

"እማዬ፣ አሜሪካ ሽለምጥማጥ የለም።"

"ታዲያ ውጭ የተዝረከረከውን የዶሮ አጥንት ማን አወጣው?"

ወጥቼ አየሁ። የቆሻሻ በርሜሉ ተጋድሟል። ከእሁድ የተረፈው እንጀራ የለም። የዶሮው አጥንት ሣሩ ላይ ተበትኗል።

ማታ መብራት አጥፍቼ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። መጣች። ዓይኗ ዙሪያ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀች ትመስላለች፣ ጅራቷ ቀለበት ቀለበት ነው። ከድመት ትከብዳለች፣ ኋላዋ ጎበጥ ያለ ነው። እኔን የገረመኝ ግን እጇ ነው። እግሯ ልል ነበር፣ ግን እጅ ነው። አምስት ጣት አለው። በርሜሉን ስትከፍት አታየውም። ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ፣ በጣቷ ክዳኑን ዳር ዳሩን ትዳስሳለች፣ ጨለማ ውስጥ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው። ራኩን ብዙውን ነገር የምታውቀው በመዳሰስ ነው። እንግሊዝኛው ስሟን የወሰደው ከቨርጂኒያ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ሲሆን፣ ትርጉሙም በእጅ ከመቧጨር ጋር የተያያዘ ነው ይባላል።

ከዚያ ያደረግኩትን ስናገር አሁንም አፍራለሁ። በማግስቱ መሰላል አቁሜ ስፈልግ፣ ጣሪያው ከግድግዳው የሚገናኝበት ጠርዝ ሥር የበሰበሰ እንጨትና ጭንቅላት የሚያስገባ ቀዳዳ አገኘሁ። አመሻሹ ላይ ስትወጣ ጠብቄ ጣውላ ቸነከርኩበት። ጎበዝ ነኝ ብዬ ተኛሁ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ቤቱ የሚፈርስ መሰለኝ። ጣውላዬን ነቅላ ጥላዋለች፣ አጠገቡ ያለውን የጣሪያ ክዳንም እየገሸለጠች ነው። ከውስጥ ደግሞ የጫጩት የሚመስል ሲርሲርታ ይሰማል። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ከክፍሏ ወጣች። ትንሽ አዳመጠች።

"አንተ ልጅ፣ አራስ ናት እኮ! ልጆቿን ነው የዘጋህባት።"

አራስ ነብር ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ያን ሌሊት ነው።

ወሩ ሜይ ነበር። በዚህ አገር ራኩን በብዛት የምትወልደው ኤፕሪልና ሜይ ላይ እንደሆነ ኋላ ነው ያወቅኩት። ልጆቿን የምታሳድገው ብቻዋን ነው፣ አባትየው የለበትም። ጫጩት የመሰለኝን ድምፅ ቀድሜ ባዳምጥ ኖሮ ጣሪያዬም ይተርፍልኝ ነበር።

በማግስቱ የደወልኩለት የአውሬ አጥማጅ ድርጅት ሰው ወጥመድ እናስቀምጥ አለ። ልጆቹስ ስለው ዝም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ራኩንን አጥምዶ ሌላ ሰፈር መልቀቅ አይፈቀድም፤ የእብድ ውሻ በሽታ እንዳይዛመት ነው። አገር ቤት ይህን በሽታ ከውሻ ጋር ብቻ ነው የምናገናኘው። እዚህ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ግን ዋናዋ ተሸካሚ ራኩን ናት። ስለዚህ ውሻ ያለው ሰው ክትባቱን ማስታወስ አለበት። የነከሰችው ሰው ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥቦ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት፣ ነገ ዛሬ ሳይል። በቀን ያየሃት ራኩን ሁሉ ግን አብዳለች ማለት አይደለም። የምታጠባ እናት ርቧት በጠራራ ፀሐይም ትወጣለች።

ያዳነችን ጎረቤታችን ናት፤ ጡረታ የወጣች አሜሪካዊት። "ቤቱን አስጠሉባት እንጂ አትጣሏት" አለችኝ። እናት ራኩን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መደበቂያ ታውቃለች፤ የምትፈልገው ጨለማ፣ ጸጥታና ሙቀት ነው። እኔም ኮርኒሱ ላይ መብራት አበራሁ። ኮምጣጤ የነከርኩትን ጨርቅ በሳህን አስቀመጥኩ። ሙዚቃ ሳይሆን ሰው የሚያወራበት ጣቢያ ላይ ሬዲዮ ከፍቼ ተውኩት። እማዬ ኮምጣጤው ሲሸታት አኮረፈች። "አራስ በገንፎ ነው የምትጠየቀው፣ አንተ በሆምጣጤ!"

ሁለት ሌሊት ምንም የለም። በሦስተኛው መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ አንዱን ልጇን ማጅራቱን በአፏ ይዛ ወጣች። በግድግዳው ጥግ የውኃ መውረጃ ቱቦ ወደታች ቁልቁል ወረደች፣ በጭንቅላቷ። የኋላ እግሯ ወደኋላ ስለሚዞር ትችላለች። ከጓሮው ባሻገር ወዳሉት ዛፎች ሄደች፣ ተመለሰች። አራት ጊዜ ተመላለሰች። እኔ ትንፋሼን ውጬ ቆጠርኩ።

ባዶ መሆኑን ሳላረጋግጥ ግን ሁለተኛ አልዘጋም ብያለሁ። ቀዳዳው አፍ ላይ የስንዴ ዱቄት ነሰነስኩ። (እማዬ ጤፍ መሆን አለመሆኑን ቀምሳ አረጋገጠች።) ሁለት ሌሊት ዱካ ጠፋ፣ ውስጥም ኮሽ የሚል የለም። የበሰበሰውን እንጨት አስቀይሬ፣ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት በብሎን አሰርኩበት። ሚስማር ትነቅላለች፣ ይህን በገንዘቤ ተምሬያለሁ።

የቀረው ጽዳቱ ነበር። ራኩን አንድ ቦታ ለይታ ነው የምትጸዳዳው፤ የእኛዋ የመሣሪያ ቤቱን ጣሪያ መርጣለች። ኩሷ ውስጥ የወስፋት ዘመድ የሆነ ትል እንቁላል ሊኖር ይችላል። ሰው ከዋጠው አንጎልና ዓይን ድረስ ይሄዳል፣ አፈር ለሚነካኩ ልጆች ደግሞ ይብሳል። በረኪና አይገድለውም፣ የፈላ ውኃ ነው የሚገድለው። ጓንትና ማስክ አድርጌ፣ እንዳይቦን አርጥቤ በአካፋ ጠርጌ በላስቲክ ቋጠርኩት። ከዚያ ቦታው ላይ የፈላ ውኃ በማንቆርቆሪያ ደፋሁበት። እንቁላሉ ሰውን ለማሳመም ከመድረሱ በፊት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ስለሚፈጅበት ትኩሱን ማንሳት ይሻላል።

እማዬ አዲስ አበባ ተመልሳለች። በደወለች ቁጥር "አራሷስ?" ትላለች። ባለፈው ሳምንት አየኋት፣ ሦስት ልጆች ከኋላዋ ተከትለዋል። አራተኛውን አላየሁም። በርሜሉን አሁን መንጠቆ ባለው ላስቲክ አስሬዋለሁ፣ አጥንት ያለበትን ቆሻሻም የማወጣው መኪናው በሚመጣበት ጠዋት ነው። ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ መንጠቆውን በጣቷ ዳሰሰችው። ሳብ አደረገችው፣ ለቀቀችው። እንደገና ዳሰሰችው። ከዚያ ልጆቿን ይዛ ሄደች። እኔ ሲነጋ ሌላ መንጠቆ ገዛሁ።