የአራስ ቤቱ ቬንትሌተር

ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 21

ሌሊት ነው። ባለቤቴም፣ ልጄም፣ እማዬም ተኝተዋል። እኔ ብቻ ነቅቼ ኮርኒሱን አያለሁ። ቬንትሌተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል። ድምፁ አይሰማም። ከሦስት ሳምንት በፊት ይህ ዕቃ ሲበራ ጎረቤት ይሰማው ነበር። እንዴት እዚህ እንደደረስን ሳይረሳኝ ልጻፈው።

እማዬ ከደሴ የወረደችው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው፤ ባለቤቴን ልታርሳት። ቅቤውን፣ የገንፎ ዱቄቱን፣ አብሹን ሁሉ ተሸክማ መጣች። ዕቃዋን አስቀምጣ ሳትጨርስ መስኮቱን ዘጋች። የበሩን ስር በጨርቅ ወተፈችው። «አራስ ቤት ንፋስ አይገባም» አለች። አለቀ።

የኛ አገር ሰው ንፋስ ይፈራል። ሚኒባስ ውስጥ አንዱ መስኮት ከከፈተ ሌላው ወዲያው «እባክህ ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል» ይላል። እማዬ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ስር ነው። እዚያ ንፋስ ሲነሳ አጥንት ድረስ ይገባል። እኔም እዚያው ስላደግኩ ፍርሃቷ ይገባኛል። ልጆቿን ሁሉ ያሳደገችው ከዚያ ብርድ እየሸሸገች ነው።

ግን ኮምቦልቻ ደሴ አይደለችም። በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ከፍታው ነው ልዩነቱ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጡ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ስንጨርስ ሹራባችንን የምናወልቀው ለዚህ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ግንቦት ነው፣ ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ጓዳ ገንፎ እየተገነፋ ነው። ባለቤቴ በላብ ተነክራ ታድራለች። ልጅቷ አንገቷ ላይ ሽፍታ አወጣች። ጤና ጣቢያ ለክትትል ስንሄድ ነርሷ «አትሸፋፍኗት፤ ቤቱም ይናፈስ። ንፋስ በቀጥታ እንዳያገኛት ብቻ ተጠንቀቁ» አለችን። እማዬ አጠገባችን ቆማ ሰምታለች። ቤት ስንገባ መስኮቱ እንደተዘጋ ቀረ።

መኝታ ቤቱ ውስጥ ቬንትሌተር አለ። ቤቱን ስንከራይ የነበረ ነው። አራት ቡናማ ክንፍ፣ ወርቃማ ቀለም ያለው ሆድ፣ ከስሩ ደግሞ እንደ አበባ የተከፈቱ አራት የመብራት መስታወቶች አሉት። አንዱ መስታወት ተሰንጥቋል፣ አንዱ ጭራሽ የለም። በጊዜው ፋሽን ነበር፤ የስንቱ ሳሎን ጌጥ ሆኖ አይቼዋለሁ። ሲበራ ይጮሃል፣ ይወዛወዛል፣ ንፋስ ግን የለውም። መጨረሻው ፍጥነት ላይ አድርገነው እንኳ ክንፎቹን በዓይን መቁጠር ይቻላል። አከራያችንን አማከርኳቸው። «አውርደህ ጣለው የኔ ልጅ። ከፈለግክም አዲስ ግዛ» አሉኝ።

አዲስ ጠየቅኩ። 7,000 ብር እና ከዚያ በላይ። ልጅ የተወለደለት ሰው ኪስ ይታወቃል። ገና ክርስትናም አለ። እጄ ላይ የነበረው ከ2,000 ብር ብዙም የማይበልጥ ነው።

ገበያ አካባቢ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ የሚጠቀልሉ አንድ ሐጂ አሉ። የወፍጮውንም፣ የውሃ ፓምፑንም ሞተር ሲጠቀልሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሄጄ ነገርኳቸው። ሥራቸውን ሳያቋርጡ ጠየቁኝ።

«ስታበራው ወዲያው ይነሳል?»

«አይ፣ መጀመሪያ እም... እያለ ይቆያል።»

«በእንጨት ገፋ ብታደርገውስ?»

«ያኔ ይነሳል።»

«ጠፍቶ እያለ በእጅህ ስታዞረው?»

«ግርርር ይላል።»

«አብሽር። ሞተሩ ደህና ነው። ካፓሲተሩ ደክሟል፣ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታም አልቋል። አውርደህ አምጣልኝ።»

ያቺ «አብሽር» ምን ያህል እንዳቀለለችኝ!

ማውረዱን ራሴ ሠራሁት። ዋናውን ብሬከር አጠፋሁ፤ የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ብቻ አልተማመንኩም። ከዚያም ኤሌክትሪክ እንደሌለባቸው በቴስተር ሽቦዎቹን አየሁ። ክንፎቹን ከመፍታቴ በፊት ከ1 እስከ 4 ቁጥር ጻፍኩባቸው። ይህን ማንም እንዳይዘነጋው እፈልጋለሁ። እያንዳንዱ ክንፍ የለመደው ቦታ አለው፤ ቦታው ሲቀያየር ውዝወዛው ይብሳል። የክንፎቹ ጀርባ ላይ የነበረው አቧራ በጣት ይዛቅ ነበር። ማንጠልጠያው ብሎን ላይ ያለችው ኮፒሊያ ዝጋለች። በጣም የደነገጥኩት እሷን ሳይ ነው። ያን ሁሉ ክብደት ከላይ እንዳይወርድ የያዘችው ይህች ቀጭን ሽቦ ናት። ከስሩ ደግሞ ልጄ ትተኛለች። አዲስ ገዛሁ። መንጠቆው ግን ደህና ሆኖ ተገኘ። ያሠራው ሰው የኮርኒሱ ችፑድ ላይ ብቻ ሳይሆን ከላይ ካለው ወፍራም እንጨት፣ ከሞራሌው ላይ አጥብቆ አስሮታል። እግዜር ይስጠው።

ሐጂ ሞተሩን ከፈቱት። እኔ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ውስጡ ሁለት የሽቦ ጥቅል አለ። ካፓሲተሩ ለአንደኛው የሚደርሰውን ኃይል ከሌላው ትንሽ አስቀድሞ ያደርሳል፤ ሞተሩ የሚዞረው ሁለቱ ተራ በተራ ሲስቡት ነው። ካፓሲተሩ ሲዳከም አንደኛው ጥቅል ጉልበት ያጣል። ያን ጊዜ ይጮሃል፣ ይንቀራፈፋል፣ ገፋ ካላደረጉት አይነሳም። የኛው ካፓሲተር ላይ ልኩ 2.5 ማይክሮፋራድ ይላል። እኔ በጉጉት «ተለቅ ያለውን ብናደርግለት አይፈጥንም?» አልኳቸው።

ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ የተጻፈለትን ነው የምትሰጠው። ከልኩ በላይ ከሰጠኸው ጥቅሉ ይሞቃል፣ ውሎ አድሮ ይቃጠላል።»

ያንኑ 2.5 ገዛን፤ 200 ብር። ሁለት ኩሽኔታ 440። ለእጃቸው 350 ጠየቁኝ፤ ቢጨምሩብኝም ቅር አይለኝም ነበር። የግድግዳውን የፍጥነት መቆጣጠሪያም ቀይር አሉኝ። አሮጌው ፍጥነት የሚቀንሰው ኤሌክትሪኩን ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው። ለካ ሳጥኑን ስነካው ሁልጊዜ የሚፋጀኝ ለዚህ ነው! ቤት ለማብረድ የምናበራው ዕቃ ከግድግዳው ቤት ያሞቅ ነበር። አዲሱ 400 ብር ሆነ።

ቀለሙ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ እኔም አልቸኮልኩም። የቀለም ሽታ አራስ ቤት ስለማይገባ ሥራውን ጎረቤት ግቢ ወሰድኩት። ክንፎቹን በሳሙና አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ። ያ የሚያብረቀርቅ ገጽ ካልሻከረ ቀለም አይዝም፤ በወሩ ይላጣል። ባለቤቴን ምን ቀለም ልቀባው ብዬ ጠየቅኳት። «እንደ ኮርኒሱ ነጭ ይሁን። ጋደም ስል ዓይኔ ላይ አይቆምብኝ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የምታየው እሷ ናት፤ ሌላ ምን ይባላል? ሦስት ጊዜ ሳሳ አድርጌ ቀባሁ። አንዴ ወፈር አድርጎ መቀባት ያጓጓል፤ ግን ይንጠባጠባል፣ አንዱንም ክንፍ ከሌላው ያከብደዋል። ወርቃማውን ሆድ ከሞተሩ ለይቼ በሚረጨው ቀለም ነጭ አደረግኩት። ከዚያም ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ አራት ቀን ሰቀልኩት። ልጆች እየመጡ «የአውሮፕላን ክንፍ ነው?» ይሉኝ ነበር።

መስታወቶቹን አወጣኋቸው። መጀመሪያ አዳዲስ ፈልጌ ልተካቸው አስቤ ነበር። በኋላ ሌሊት ልጅቷ ስትነቃ ምን እንደሚሆን አሰብኩ። ልትጠባ ነው፤ ያ ሁሉ መብራት ከላይ ፊቷ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ የመብራቱን ሽቦዎች ጫፋቸውን ለየብቻ ሸፍኜ ዘጋሁ፤ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ አምፖል አደረግኩ። ቬንትሌተሩ ሸክሙ ሲቀንስለት ጊዜ መልኩም አማረ። ያ የሚከብደው ነገር መስታወቱ ነበር።

ሰቀልኩት። ከወለሉ እስከ ክንፉ 2 ሜትር ከ30 ሆነ።  አበራሁት። ጩኸት የለም። ንፋሱ መጋረጃውን አነሳው! ግን አሁንም ትንሽ ይወዛወዛል። አጠፋሁትና አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ከኮርኒሱ ጋር አቁሜ ክንፎቹን አንድ በአንድ አጠገቡ እያዞርኩ ለካሁ። 3 ቁጥር ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። መያዣ ብረቱን በእጄ ቀስ ብዬ አቀናሁት። የቀረችውን ውዝወዛ የ1 ብር ሳንቲም ጨረሰው። ሳንቲሙን በናስትሮ በየክንፉ ጀርባ ላይ እያፈራረቅኩ ሞከርኩ። 2 ቁጥር ላይ ሲሆን ዝም አለ። እዚያው በጠንካራ ማጣበቂያ አስቀረሁት። ከቀለሙና ከትናንሾቹ ዕቃዎች ጋር በድምሩ 2,250 ብር ወጣ።

የቀረችው እማዬ ናት።

«ልጅቷ ላይ ንፋስ ልትለቅባት ነው?» አለችኝ። ተቆጥታ አይደለም፤ ለምና ነው። ያ ከቁጣ ይከብዳል። አልተከራከርኳትም። አጠፋሁት። ሁለት ቀን ጠፍቶ ዋለ፣ ጠፍቶ አደረ።

በሦስተኛው ቀን ቡና አፈላች። ዕጣን አጨሰች። ባለቤቴ በጣም ስላላባት እማዬ ራሷ «እስቲ ለትንሽ ደቂቃ፣ በ1 ብቻ» አለችኝ። በ1 አበራሁት። ጭሱ አቅጣጫ ሲለውጥ ሁላችንም አየነው። ከመሀል ወደ ወለሉ ወረደ፣ ወለሉን ይዞ ወደ ግድግዳዎቹ ተበተነ፣ ግድግዳውን ተከትሎ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። እማዬ ሲኒውን እንደያዘች ጭሱን ብዙ ጊዜ ተከታተለች። ከዚያ ተነሳችና «ና አልጋውን ያዝልኝ» አለችኝ። አልጋው የቆመው ልክ መሀል፣ ቬንትሌተሩ ስር ነበር። ጥጉ ላይ አስጠጋነው። እጇን ልጅቷ ፊት ላይ ይዛ ቆየች። ንፋሱ በትንሹ ይደርሳል፤ አይመታም።

እኔ ስንት ቀን ሞተሩን ሳስብ የአልጋውን ቦታ አላሰብኩትም ነበር። ቬንትሌተር ቤቱን አያቀዘቅዝም፤ ቆዳችን ላይ ያለውን ላብ ነው የሚያደርቀው። ለዚያ ደግሞ የሚሄድ አየር ይበቃል፤ ከላይ የሚወርድ ንፋስ አያስፈልግም። ለዚህ ነው አሁን ቤቱ ባዶ ሲሆን የምናጠፋው።

የልጅቷ ሽፍታ እየጠፋ ነው። ባለቤቴ ትናንት ሌሊት ሳትነቃ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተኛች። እማዬ ዛሬ ማታ ደሴ ላለችው አክስቴ ስትደውል ሰማኋት። አክስቴ «ኧረ ልጅቷን ብርድ እንዳይመታት!» ብላት መሰለኝ። እማዬ ወደ ኮርኒሱ ቀና አለች።

«አይመታም እኮ» አለቻት። «ይዞራል እንጂ።»