«ባያድር ጥሩ ነው»

አጋሮ አካባቢ ካለው የቤተሰብ መሬት የራሴን ጀንፈል፣ ከነገለባው የሚደርቀውን ቡና፣ አድርቄ የሸጥኩት አምና ነው። የማድረቂያ አልጋውን በእንጨትና በሽቦ ወንፊት ሠራን። ለቃሚ ቀጠርን። ቀዩን ብቻ አስለቀምን። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

ጣጣው የጀመረው ጅማ የወሰድኩት ስልጠና ላይ ነው። ባለሙያው ግማሽ ቀን ሙሉ የቡናን ታሪክ ተረከልን። እኛ ቡና ሥር ላደግነው! ሰው አበል ለመፈረም ሲነሳ፣ ወንበር ሲንኳኳ፣ «በነገራችን ላይ እሸት ቡና ማዳበሪያ ውስጥ ማደር የለበትም፣ በተለቀመበት ቀን ይሰጣ» አለ። በነገራችን ላይ! እኔም የሰማሁት ፊት ወንበር ስለደረሰኝ ነው።

እሱን ስረግም ውዬ ማታ የባሰውን እኔ ሠራሁ። ከጅማው ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ለታናሽ ወንድሜ በቴሌግራም ጻፍኩለት። እንዴት ናችሁ፣ የእማዬ ጉልበት ተሻላት ወይ፣ የአክስታችን ልጅ ሠርግ መቼ ሆነ፣ ለለቃሚዎች በቴሌብር ብር ልኬያለሁ። መጨረሻ ላይ፣ «ደግሞ እሸቱ ባያድር ጥሩ ነው።»

ቅዳሜ ስደርስ ስድስት ማዳበሪያ እሸት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሁለት ሌሊት አድሯል። አንዱን ፈትቼ እጄን ከተትኩ። ይፋጃል፣ አሁን የወጣ ገንፎ ነው የሚመስለው። ሽታው የጠላ ጥንስስ። ፍሬው ጣፋጭ ነው፣ ታፍኖ ሲከመር ይፈላል።

ጮህኩበት። «ጋሼ፣ ባያድር ጥሩ ነው አልክ እንጂ አታሳድር መቼ አልከኝ?» አለ። ምን ልመልስለት?

ቢሆንም አሰጣነው፣ ከሌላውም ጋር ቀላቀልነው። ይሄም ሌላ ጅልነት። እርጥበቱ ሲለካ 11 በመቶ፣ የሚያኮራ ነው። ነጋዴው ግን አንዷን ሰበረ፣ አሸተተ፣ «ይሄ ቡና ሰክሯል» ብሎ ሳቀ። ሁሉንም በርካሽ ወሰደው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስልጠና ላይ ማስታወሻ ያዙ ይሉናል። ተዉት። እጅ አውጡና «ቡናውን የሚገድለው አንዱ ነገር ምንድን ነው?» በሉ፣ ያውም ከሻይ በፊት።

ዘንድሮ ለወንድሜ የላክሁት ሁለት ቃል ነው፤ «እሸት አታሳድር።» ሰላምታ የለው፣ ምን የለው። በዚያው ቀን አስጥቶ ፎቶ ላከልኝ። እማዬ ግን «ይሄ ልጅ ጅማ ገብቶ ሰላምታ ረሳ» ብላ አኩርፋለች። ደውዬ ስለ ጉልበቷ ብቻ ግማሽ ሰዓት አወራን። ቡና የሚባል ነገር አላነሳሁም።