አብዷል የተባለው መከታ

መንዝ ውስጥ በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ እሠራለሁ። አብዛኛው ቀኔ የሚያልፈው ከበግ ጋር ነው። ውሻ የሚመጣልኝ ከስንት አንዴ ነው፤ ያረጀ ውሻማ ጭራሽ አይመጣም። ዕድሜውን ሙሉ በጎቹን ከጅብ ሲጠብቅ ኖሮ ሲደክም «በቃ አርጅቷል» ይባልና ይተዋል። ይሄ ነገር ሁሌም ያሳዝነኛል።

ኅዳር ላይ አንድ አባት ውሻቸውን በገመድ ይዘው መጡ። ስሙ መከታ ነው።

«ልጄ፣ ይሄን ውሻ በመርፌ ገላግለኝ። አብዷል። የልጅ ልጄን ሊነክሰው ነበር» አሉኝ።

የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ የለውም። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለም፤ ሰውንም ይገድላል። ስለዚህ ውሻውን ምሰሶ ላይ አሰርነውና ሳልነካው መጠየቅ ጀመርኩ።

«አባባ፣ ልጁን አቁስሎታል?»

«ኧረ የለም! ልብሱን ብቻ ነው የያዘው።»

«እንዲህ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ትንሽ አሰቡ። «ከመስቀል ወዲህ ነው። መጀመሪያ ማነከስ ጀመረ። ከዚያ መተኛት አበዛ። አሁን ሲነኩት ያጉረመርማል።»

ነገሩ የተፈታው እዚህ ላይ ነው። ያበደ ውሻ ምልክቱ ከታየበት በኋላ ብዙውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል። ሰው የነከሰ ውሻ ለ10 ቀን ታስሮ የሚታየውም ለዚሁ ነው። መከታ ግን መስቀልን አልፎ ኅዳር ደርሷል። ውሃ ስናቀርብለትም ጠጣ።

ቢሆንም ጓንት አጠለቅሁ፤ አፉንም በፋሻ አሰርን። ከእግሩ ጀመርኩ። የፊት ቀኝ እግሩ ላይ ስደርስ ጮኸ። ጸጉሩን ገለጥ ሳደርገው፣ ከውስጥ በኩል ከፍ ብላ የምትበቅለው ጥፍር እንደ ማጭድ ተቆልምማ ሥጋው ውስጥ ገብታለች። ዙሪያው መግል ቋጥሯል። ይቺ ጥፍር መሬት ስለማትነካ በእርምጃ አትሞረድም። ሌሎቹም ረዝመው ነበር፤ ውሻ ሲያረጅ ብዙ ስለማይንቀሳቀስ ጥፍሩ እንደ ድሮው አያልቅም።

ጥፍሯን ቆርጬ አወጣኋት። ቁስሉን አጥቤ አዮዲን ቀባሁ፤ ፔንስትሬፕ የሚባለውን ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒትም ወጋሁት። ከዚያ ከኋላው ሆኜ አጨበጨብኩ። ጆሮው እንኳ አልተነቃነቀም። ልጁም ከኋላው መጥቶ ነው ያቀፈው። የማይሰማና እግሩ የሚያመው ውሻ በድንገት ሲያዝ ሌላ ምን ያድርግ?

«እኔ እኮ መጀመሪያ እርጅና ነው ብዬ ነበር፤ ኋላ ደግሞ አበደ አልኩ» አሉ አባባ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ሐዘን እውነተኛ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የአሮጌ ውሻ ጠባይ ተለወጠ ሲሉኝ፣ አንድ ቦታ ያመዋል ብዬ ነው የምጀምረው። ጥፍሩን፣ ጥርሱን፣ መገጣጠሚያውን አያለሁ። ውሃ መጠጣት ካበዛና ከከሳ ደግሞ ኩላሊቱን እጠረጥራለሁ።

ለአባባ የነገርኳቸው ከባድ ነገር አይደለም። የመንዝ ውርጭ ለወጣት ውሻም ከባድ ነው፤ መገጣጠሚያው ለደረቀ ሽማግሌማ አይጠየቅም። ከነፋስ ከለል ያለ ቦታ ጭድ በደንብ ይነጠፍለት፤ ሲረጥብ ይቀየር። ጥርሱ ስላለቀ የገብስ ቂጣው በአሬራ ይርጠብለት። ወጣቱ ውሻ እንዳይነጥቀው ለብቻው ይብላ። ልጆቹም ከፊት ለፊቱ እየታዩት ይቅረቡት። ልጁ ባይቆስልም ለጥንቃቄ ጤና ጣቢያ እንዲታይ ነገርኳቸው። ቆዳው ቢቧጨር ኖሮ ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ መታጠብ፣ ከዚያም ክትባት መጀመር ነበረበት።

ሊሄዱ ሲሉ ከኪሳቸው ዳይክሎፌናክ አወጡ። «ለጉልበቴ የምውጠው ነው። ግማሹን ልስጠው?»

«እንዳይሰጡት!» አልኳቸው። የሰው ማስታገሻ የውሻን ጨጓራ ያደማል፤ ኩላሊቱንም ይጎዳል። ህመሙ ከባሰ ለእንስሳት የሚታዘዘውን እኔው እሰጠዋለሁ።

ጥፍሩን በየወሩ እንዳየው ተስማማን። ቁስሉ ሲሽር የእብድ ውሻ ክትባት ወጋሁት። ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ቅርባችን ነው፤ በሽታው ከቤት ውሻ ከተሻገረ ቀይ ቀበሮውንም ይፈጃል። አባባ በሚቀጥለው ወር ሲመጡ የጎረቤታቸውን አሮጌ ውሻም አስከትለው መጡ።