ከሩፑኑኒ መልስ

ከደቡብ አሜሪካዋ ጉያና ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ጃጓር አየህ?» ይለኛል። ነብር የሚመስለውን ይህን ትልቅ አውሬ አላየሁም። ዱካውን ግን አይቻለሁ፤ ከሱራማ መንደር ወደ ቡሮ ቡሮ ወንዝ በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ፣ እርጥብ ጭቃ ላይ የታተመ፣ ከመዳፌ የማያንስ ዱካ ነበር። ጃጓሩን ራሱን ባለማየቴ ቅር አላለኝም። ከዚያ አገር ይዤው የመጣሁት ሐሳብ እንስሳቱን እስከ ዛሬ እዚያ ስላቆዩአቸው ሰዎች ነው።

ሱራማ የማኩሺ ሕዝብ መንደር ናት። ጥቅጥቅ ያለው ደን አልቆ ሩፑኑኒ የሚባለው ሳቫና፣ ማለትም ሰፊው የሣር ሜዳ፣ በሚጀምርበት አካባቢ ትገኛለች። ያረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቱ መንደሩ ራሱ ነው። ጫካ ውስጥ የመሩን አዛውንት በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር በቀቀን እያጠመዱ ለነጋዴ ይሸጡ እንደነበር ሳይደብቁ ነገሩን። አንድ ቦታ ላይ ድንገት ቆሙና አፍንጫቸውን ወደ ነፋሱ አቀኑ። «ፔካሪዎች ናቸው፤ አሁን ነው ያለፉት» አሉ። ፔካሪ የዱር አሳማ የሚመስል፣ በመንጋ የሚሄድ እንስሳ ነው። እሳቸው ካሉ በኋላ እኔም ከቅጠሉ ሽታ መሀል የሚከረፋ ሽታ መጣልኝ። ብቻዬን ብሆን አልፌው እሄድ ነበር። ያ አፍንጫ የአዳኝ አፍንጫ ነው፤ ዛሬ ያው አፍንጫ እንግዳ እየመራ ቤተሰብ ያስተዳድራል።

ከመንደሩ በስተ ሰሜን ያለው የኢዎክራማ ደን 371,000 ሄክታር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወቅቱ ፕሬዚዳንት ዴዝመንድ ሆይት ኳላላምፑር ላይ በተካሄደው የኮመንዌልዝ አገሮች ጉባኤ ይህን ደን ለምርምርና ለጥበቃ እንሰጣለን ብለው ቃል ገቡ፤ በ1996 ደግሞ በሕግ ጸደቀ። ከፊሉ ጭራሽ አይነካም፤ በሌላው ክፍል እየተመረጠ ዛፍ ይቆረጣል። እኔን የማረከኝ ግን ፌርቪው የምትባለው መንደር ዛሬም ደኑ ውስጥ መኖሯ ነው። ጥበቃ በሚል ስም ሰው ከአያት ቅድመ አያቱ መሬት ሲነቀል ብዙ ቦታ ሰምቻለሁ፤ በሰማሁ ቁጥርም ያንገበግበኛል።

ሳቫናው ላይ ሥራው የፈረሰኞቹ ነው። ቫኬሮ የሚባሉት ከብት ጠባቂዎች ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ግዙፉ ጉንዳን በሊታ የሚባለውን እንስሳ ይፈልጉና ሲያገኙት በሬዲዮ ይጠራሉ። ስንደርስ በኩይሳዎቹ መሀል አንድ ጥቁር ነገር ዝግ ብሎ ይንቀሳቀስ ነበር። እናት ናት፤ ግልገሏን ጀርባዋ ላይ አዝላለች። የግልገሏ ጥቁርና ነጭ መስመር ከእናቷ መስመር ጋር ገጥሞ ሁለቱ አንድ አካል ይመስላሉ፤ ቫኬሮው በጣቱ ባያሳየን ግልገል መኖሩንም ባላወቅን ነበር። ረጃጅም ጥፍሮቿን ወደ ውስጥ አጥፋ በእጇ አንጓ ትራመዳለች። አንዱ ኩይሳ ጋ ስትደርስ በጥፍሯ ሰነጠቀችው፣ ሹል አፏን ሰካች፣ ብዙም ሳትቆይ ትታው ሄደች። ጥርስ የላትም፤ ምላሷ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። እንደ እሷ ያለ እንስሳ በቀን እስከ 30,000 ምስጥና ጉንዳን ይበላል፤ ወታደር ምስጦቹ ግር ብለው ሲወጡ ስለሚነክሷት ግን አንድ ኩይሳ ላይ አትቆይም። ስለዚህ ኩይሳው አይፈርስም፤ ምስጦቹ ይጠግኑታል፣ እሷም ሌላ ቀን ትመለስበታለች።

ዓይኗ ደካማ ነው፤ አፍንጫዋ ግን ብርቱ። ቫኬሮው ነፋሱ ከእሷ ወደ እኛ በሚነፍስበት በኩል አቆመን። ከመሀላችን አንዱ ለፎቶ እንዲመቸው በፈረስ ወደ እኛ እንዲነዳት ለመነው። «አይሆንም፤ ልጅ አዝላለች» አለና ፈረሱን መለሰ። በዚያች ቅጽበት ልቤ ሞላ። ገንዘብ ከፍሎ የመጣ እንግዳ ፊት ለፊት እንዲህ ማለት ቀላል አይደለም።

ከሊንደን ከተማ ተነስቶ ሌተም ከተማ የሚደርሰው ቀይ የአፈር መንገድ ኢዎክራማን መሀል ለመሀል ያቋርጣል። ጉያና በባሕሯ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 ነዳጅ አግኝታ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ እያወጣች ነው፤ መንገዱም ከሊንደን በኩል አስፋልት እየለበሰ ነው። በዝናብ ወራት የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቀር፣ በሽተኛ መንገድ ላይ ሲያድር ላየ ሰው አስፋልት አያስፈልግም ማለት ነውር ነው። ቢሆንም እፈራለሁ። ኩሩፑካሪ ላይ የኤሴኪቦን ወንዝ የሚያሻግረው ጀልባ ማታ ስለማይሠራ፣ እስከ ዛሬ ሌሊቱ ለእንስሳቱ የተተወ ነው። በፍጥነት የሚበር መኪና ሌሊት መንገድ የሚያቋርጥ ጃጓርን አይጠብቅም። ይህን ሳነሳባቸው አዛውንቱ መንደሩ በቶሻዎው፣ ማለትም በተመረጠው መሪያቸው ሰብሳቢነት፣ ጉዳዩን እየተነጋገረበት እንደሆነ ነገሩኝ። ምን እንደሚወስኑ አላሉኝም፤ እኔም አልገፋሁም።

እንደገና ለመሄድ አስቤአለሁ፤ በሚቀጥለው ጉዞ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ካሉት ወራት አንዱን እመርጣለሁ። ያኔ ሳቫናው በውሃ ይሸፈናል፤ ወደ ኤሴኪቦ የሚፈሰው የሩፑኑኒ ወንዝ ውሃ ወደ አማዞን ከሚወርደው የታኩቱ ወንዝ ውሃ ጋር ይገናኝና ዓሦች ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ጎብኚ የሚጠፋበት፣ አስጎብኚዎቹም ሥራ የሚያጡበት ወቅት ነው። አዛውንቱን ሳማክራቸው «ትንኙን ከቻልከው ና፤ ታንኳው አለ» ብለውኛል።