ውስጡ ወረቀት የለም

ሰሞኑን ደስ አይለኝም። ክረምት ደብረ ብርሃን ላይ እንዲህ ያደርጋል። ጉሙ እስከ ረፋድ አይገፈፍም፣ የታጠበ ልብስ አይደርቅም፣ ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ ይውላል። በዚህ ላይ ፕሪንተሩ «ፔፐር ጃም»፣ ወረቀት ይዣለሁ፣ እያለ አስቸገረኝ።

የእማዬን ወረቀቶች ኮፒ ላደርግላት ነበር። የሸዋ ሮቢቱን ቤት ካርታ፣ የግብር ደረሰኞች፣ የአባዬን የጡረታ ደብተር።

ከሶኬት ነቅዬ እስኪበርድ ጠበቅኩ። ሌዘር ፕሪንተር ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት ስለሆነ ከኋላ በኩል ያለው ክፍል እጅ ይፈጃል። ትሬውን አወጣሁ። የቀለም ካርትሪጁንም አወጣሁና ብርሃን እንዳያገኘው ጨርቅ ጣል አደረግኩበት። የኋላውን ክዳን ከፍቼ በስልክ መብራት ፈተሽኩ። ምንም የለም። ሰካሁት። ያው ነው፣ ወረቀት ይዣለሁ ይላል።

እርጥበቱ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እዚህ አገር ክረምት ላይ ክፍት የተተወ ወረቀት እርጥበት ይስባል። ጠርዙ ይጠቀለላል፣ ሁለት ሦስቱ ተጣብቆ ይገባል። አዲስ እሽግ ከፈትኩ፣ ሮለሩን በረጠብ ባለ ጨርቅ ጠረግኩ። ለውጥ የለም። ለነገሩ ወረቀት ሳይገባም ነው «ያዘ» የሚለው።

በመጨረሻ አገኘኋት። ወረቀቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ጥፍር የምታህል ጥቁር ፕላስቲክ አለች። ወረቀት ሲመጣ ገፍቶ ያስተኛታል፣ ሲያልፍ በስፕሪንጓ ተመልሳ ትቆማለች። ማሽኑ ወረቀት መኖሩንና አለመኖሩን የሚያውቀው በእሷ ነው። ተኝታለች። ሥሯ ላይ የወረቀት ጥግ ተወትፏል። ወረቀት ሲያዝ በሁለት እጅ፣ ቀስ ብሎ፣ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው መሳብ። በአንድ ጥግ ከጎተቱት ይቀደድና እንዲህ ያለ ቁራጭ ውስጥ ይቀራል። በወረንጦ አወጣሁት። ቀጥ ብላ ቆመች።

«አገኘሽው?» አለች እማዬ ከኋላዬ። ፌስታሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ወረቀቶቹን በአንዴ አልሰጠችኝም። አንዱን ትሰጠኛለች፣ ኮፒ ሲሆን ትቀበለኛለች፣ እጥፋቱን በመዳፏ ታስተካክልና ፌስታሉ ውስጥ ትከተዋለች። ከዚያ ነው ሌላውን የምታወጣው።

በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ይዛ የወጣችው ያንን ፌስታል ነው። ማሾው ጎተራ ውስጥ ቀረ፣ ከብቱ ቀረ፣ የክት ልብሷ ቀረ። በደብረ ሲና አድርጋ ጣርማ በርን ወጥታ እኔ ጋ ስትደርስ ነጠላዋ ከላይዋ ላይ አልነበረም፣ ፌስታሉ ግን ብብቷ ውስጥ ነበር። የቆላ ሰው ናት። ከ2,800 ሜትር በላይ ባለ ከተማ፣ በዚያ ብርድ፣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ልብስ አይደለም። «ይሄን የት ላስቀምጠው?» ነው ያለችው።

ዛሬም ትራሷ ሥር ነው። ጫማዋ በሩ ሥር ነው፣ አፍንጫው ወደ ውጭ። የደሴ መንገድ ላይ ሌሊት ሲኖትራክ ማርሽ ሲቀይር ብድግ ትላለች። ወንድሜ በስልክ «እማዬ፣ አልፏል እኮ» ይላታል። እኔም እላታለሁ። «እሺ» ትላለች። ጫማውን ግን አታነሳም።

ያቺን ፕላስቲክ ሳያት ሐሳቤ ሁሉ እማዬ ጋ ሄደ። ወረቀቱ ካለፈ በኋላም ተኝታ የቀረችው፣ የሆነ ነገር ሥሯ ስለተወተፈ ነው። ማሽኑ ታዲያ አልዋሸም፣ የሚሰማውን ነው የተናገረው። «የለም፣ የለም» ብዬ ብጮህበት ምን ይፈይዳል? እማዬንም እኮ ስንት ጊዜ «ምንም የለም» አልናት። ምን ተወትፎባት እንደቀረ ግን አንዳችንም ቁጭ ብለን አልጠየቅናትም። ስለዚያ መንገድ አንድም ቀን አውርታልኝ አታውቅም። ስጠይቃት የምታወራልኝ ስለ ማሾው ነው።

ደግሞ ይኼን ካልኩ በኋላ ሌላ ነገር መጣብኝ። በእርግጥ አልፏል ወይ? አክስቴ ከሮቢት ስትደውል አንድ ሳምንት «መንገዱ ዝግ ነው» ትላለች፣ በሌላው «ተከፍቷል» ትላለች። እማዬ ስልኩን ስታነሳ ከጤንነት በፊት የምትጠይቀው «መንገዱ እንዴት ነው?» ብላ ነው። እኔ ፍርሃት እለዋለሁ። ምናልባት ከሁላችንም ይልቅ በትክክል እየሰማች ያለችው እሷ ብትሆንስ? እንቅልፍ እንድታገኝ እፈልጋለሁ፣ ከልቤ እፈልጋለሁ። ግን ነገ የሆነ ነገር ቢመጣ ያንን ፌስታል «አያስፈልግሽም» ብዬ ያስነሳኋት እኔ መሆን አልፈልግም።

ኮፒው ሲያልቅ አንዱን ክምር ለይታ ሰጠችኝ። «ይሄ አንቺ ጋ ይሁን» አለች። «እንደው ምናልባት።»

መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ መልሼ አወጣሁትና በየቀኑ የምይዘው ቦርሳ ውስጥ አደረግኩት። ለእሷ አልነገርኳትም። ብነግራት ትረጋጋለች ወይስ ይብስባታል? ጫማሽን ከበሩ አንሺ ልበላት፣ ወይስ የኔንም ከጎኑ ላስቀምጥ?