ከሳልባጅ ሹራብ ክር አውጥቼ እንዴት እንደምሠራ

ሹራብ መሥራት ለሚወድ ሰው ትልቁ ራስ ምታት ክር ነው። እጅ ይለመዳል። ጥሩ የሱፍ ክር ግን መርካቶን ብትዞሩም እንደ ልብ አይገኝም፣ የሚበዛው አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ነው። ስለዚህ እኔ ሳልባጅ የሚሸጥበት ሄጄ ሰፊ የሱፍ ሹራብ በርካሽ እገዛና ፈትቼ ክሩን እጠቀምበታለሁ።

ዋናው ሥራ መምረጡ ላይ ነው። ሹራቡን ገልብጡትና የጎኑን ስፌት እዩ። ጠርዙ ተቆርጦ በኦቨርሎክ፣ ማለትም ጠርዙን በክር በሚጠቀልለው ማሽን፣ የተሰፋ ከሆነ ተዉት። እያንዳንዱ መስመር ጫፉ ላይ ስለተቆረጠ፣ ስትፈቱት እጃችሁ ላይ የሚቀረው ብጥስጥስ ያለ ክር ነው። ጠርዙ ሳይቆረጥ ሁለቱ ጎን እርስ በርሱ ተያይዞ ከተሰፋ ግን ክሩ ሳይቋረጥ ይመጣላችኋል። በሙቅ ውሃ ታጥቦ የተኮማተረ ሱፍም አይሆንም፣ ቀለበቶቹ ተጣብቀው እንደ ብርድ ልብስ ሆነዋል።

ቤት ሳመጣው መጀመሪያ አጥበዋለሁ። ከዚያ ስፌቱን በትንሽ መቀስ ለቅሜ አወጣና መፍታቱን ከአንገት በኩል እጀምራለሁ። አብዛኛው ሹራብ ከታች ወደ ላይ ስለሚሠራ፣ ከመጨረሻው ካልተነሳችሁ እሺ አይላችሁም። ይሄኛውን ክፍል ነፍሴ ነው የምወደው! ጫፉን ስስበው መስመሩ ትር ትር እያለ ይለቃል፣ እኔ በወንበር መደገፊያ ላይ እጠመጥማለሁ፣ ቡናው ይፈላል፣ ወሬው ይቀጥላል፣ ሳላስበው አንዱ እጅጌ አልቆ አገኘዋለሁ።

የተፈታ ክር ጥምልምል ያለ ነው። እንዲሁ ከሠራችሁበት ሥራው ወጣ ገባ ይሆናል። የጠመጠምኩትን አራት ቦታ ላላ አድርጌ አስርና ለብ ባለ ውሃ እነክረዋለሁ። ሳላሽ ጨምቄ እሰቅለውና ከታች ትንሽ ውሃ ያለበት ሃይላንድ አንጠለጥልበታለሁ። ሲደርቅ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ከሁሉም በላይ የምሠራው የአራስ ልጅ ኮፍያና ካልሲ ነው። አራስ ልጠይቅ ስሄድ ባዶ እጄን አልሄድም። የአራስ ራስ ዙሪያው ብዙውን ጊዜ 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ሹራብ ስለሚለጠጥ ኮፍያውን ከዚያ ጥቂት አጠብበዋለሁ። ስንት ቀለበት እንደምጀምር ለማወቅ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነች ቁራጭ ሠርቼ እቆጥራለሁ፣ ምክንያቱም የእያንዳንዱ ሰው እጅ ይለያያል፣ አንዱ ያጠብቃል አንዱ ያላላል። ያስተማረችኝ አክስቴ አሁንም ድረስ «እጅሽን ፈታ አድርጊው፣ ክሩን አትነቂው» ትለኛለች። ልክ ናት፣ የታነቀ ክር ሹራቡንም ያደርቃል ትከሻንም ያሳምማል። ሱፉ እንደሚኮሰኩስ ለማወቅ አንገቴ ላይ አድርጌ እሞክረዋለሁ፣ እኔን ከኮሰኮሰኝ ለሕፃን አይሆንም። ካልሲ ላይ ደግሞ ውስጡን ገልብጣችሁ እዩ። የተንጠለጠለ ክር የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል፣ ይሄን በቀላሉ አትዩት።

ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ባንክ ቤት፣ ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ ሥራዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ለመንገድ ትንንሹን፣ ለቤት ትልልቁን ለይቼ እይዛለሁ። ክረምት ላይ መብራት ሲጠፋም አላቆምም፣ ቀጥታ የሚሄደውን መስመር ጣቴ በዳሰሳ ያውቀዋል። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሁሉ «ለማን ነው?» ይለኛል፣ ከዚያ ስለ እናቱ ዳንቴል ያወራኛል። ስልክ ይዤ በምቀመጥበት ጊዜ ማንም እንዲህ አጫውቶኝ አያውቅም።

አሁን የያዝኩት የአባቴን ሰደርያ ነው። ክሩ ከሁለት ግራጫ ሹራቦች የወጣ ነው፣ ቀለማቸው ትንሽ ይለያያል። ልዩነቱ መሀል ላይ እንደ መስመር እንዳይወጣ ሁለት መስመር ከአንዱ፣ ሁለት መስመር ከሌላው እያፈራረቅኩ እየሠራሁ ነው። እስካሁን ደረቱ ጋ ደርሻለሁ፣ ቆንጆ እየሆነ ነው።